አምፕሊፋየሩ «እምም» ሲል

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በአጥቢያችን የአምልኮ ቡድን ውስጥ ጊታር ይጫወታል። የቲዩብ አምፕሊፋየሩ ቤትም እያለ «እምም» የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ከሚክሰሩ ጋር ሲያገናኘው ደግሞ ይብስበታል። ሰሞኑን ኧርዝ በሌለው የሶኬት መቀየሪያ ሲሰካው ድምፁ በጣም ቀነሰለትና ቤትም በዚያው መጠቀም ጀመረ። እኔ ለእሱም ለልጆቻችንም እፈራለሁ፤ እሱ ግን «በከንቱ ትጨነቂያለሽ» ይለኛል። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ በዚህ ነገር ትክክል አንቺ ነሽ። ያ መቀየሪያ ዛሬውኑ ይነሣ። ኧርዝ የሚባለው ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ የብረት አካል ጋር የተያያዘ ነው። ውስጥ ያለ ሽቦ ተላጦ ብረቱን ቢነካ ኃይሉ በኧርዙ በኩል ወደ መሬት ይወርድና ፊውዙ ይቃጠላል። ኧርዝ ከሌለ ግን ብረቱ ኃይል እንደ ያዘ ሰው ይጠብቃል። የጊታሩ ክሮችም በኬብሉ በኩል ከዚያው ብረት ጋር ስለሚገናኙ፣ ክሩን የያዘ ሰው ከንፈሩ ማይክ ሲነካ ኤሌክትሪኩ በሰውነቱ ሊያልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1972 «ስቶን ዘ ክሮውስ» የተባለው ቡድን ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ በዌልስ፣ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ የሞተው ኧርዝ ያልተደረገ ማይክ ነክቶ ነው።

ባለቤትሽ ግን ድምፁን ለማጥፋት መፈለጉ አይነቀፍም፤ ያገኘውም ነገር ፍንጭ ነው። ሁለታችሁም ሆናችሁ ምክንያቱን በተራ ፈልጉ።

አንደኛ፣ የጊታሩን ኬብል ከአምፕሊፋየሩ ንቀሉ። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ የጊታሩ ወይም የኬብሉ ነው። ሌላ ኬብል ሞክሩ። ጊታሩን ይዞ ሲዞር ድምፁ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፑ በአካባቢው ካለ ትራንስፎርመር ወይም የፍሎረሰንት መብራት እየሳበ ነው። መፍትሔው ራቅ ማለት ወይም መብራቱን ማጥፋት ነው። ሁለት ጥቅል ያለው «ሀምበከር» ፒክአፕ፣ በ1950ዎቹ በጊብሰን ኩባንያ ሴት ላቨር የሠራው፣ ይህንኑ ድምፅ እርስ በርስ ለማጣፋት የታሰበ ነው።

ሁለተኛ፣ ኬብሉ ተነቅሎም ድምፁ ካለ ቮልዩሙን ወደ ዜሮ አውርዱ። አብሮ ከቀነሰ ጥፋቱ ከቮልዩሙ በፊት ነው፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዋ ትንሿ ቲዩብ ናት። አምፕሊፋየሩን አጥፍታችሁ፣ ነቅላችሁና አቀዝቅዛችሁ በአዲስ ለውጧት። ቮልዩሙ ዜሮ ሆኖም ካልቀነሰ ግን ጥፋቱ ከኃይል ክፍሉ በኩል ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የድምፁን ቁመት በጆሮ ለዩ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። ድምፁ በቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ከሚሰማው ጋር ከተቀራረበ 50 ኸርዝ ነው፤ የኧርዝ ወይም የቲዩብ ማሞቂያ ሽቦ ችግር ያመለክታል። በተራው ጊታር ወፍራም ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ካለው ጋር ከተቀራረበ 100 ኸርዝ ነው፤ ያረጀ የማጣሪያ ካፓሲተር ወይም ያልተመጣጠኑ ትልልቅ ቲዩቦች ይጠረጠራሉ።

አራተኛ፣ ከሚክሰሩ ጋር ሲገናኝ የሚብሰው ሁለቱ መሣሪያዎች በተለያየ ሶኬት ኧርዝ ስለሚያደርጉ ሳይሆን አይቀርም። በኬብሉና በኧርዙ መካከል ቀለበት ይፈጠራል። ሁለቱንም ኧርዝ ባለው አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩ። ካልጠፋ በመካከል ትራንስፎርመር ያለበት ዲ.አይ. ቦክስ አስገቡ፤ በላዩ ያለው «ግራውንድ ሊፍት» ማብሪያ የሚያቋርጠው የድምፅ ኬብሉን ኧርዝ ብቻ ስለሆነ የመብራቱ ኧርዝ ሳይነካ ይቀራል።

ካፓሲተር መቀየር የቴክኒሻን ሥራ ነው። በውስጡ 400 ቮልት ገደማ አለ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ይዘውት ይቆያሉ። ስለዚህ ቤት ውስጥ በዊንዳይቨር አይከፈት።

እኅቴ፣ ይህን ለባለቤትሽ «አላልኩህም?» ብለሽ ሳይሆን አብራችሁ ተቀምጣችሁ አንብቡት። የሚያሸንፍና የሚሸነፍ የለበትም፤ እሱ ጥሩ ድምፅ ፈለገ፣ አንቺ የእሱን ሕይወት። ሁለቱንም ማግኘት ይቻላል። ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።