የተዘጋው መዝገብ

ስደተኛን ተቀብለው በሚያቋቁሙ የአሜሪካ ማኅበራት ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የሚከበረው ቃል «ራስን መቻል» የሚለው ነው። ቃሉ ነውር የለበትም፤ በእኛም ዘንድ ወላጅ ልጁን የሚመርቅበት ቃል ነው። የምነቅፈው የሚሰፈርበትን ቁና ነው፤ ይኸውም ስደተኛው ማናቸውንም ሥራ ይዞ ከመንግሥት የሚቀበለው ድጎማ በቆመ ዕለት «ራሱን ችሏል» ተብሎ መዝገቡ የሚዘጋበትን፣ ለጋሹም ማኅበሩም ይህንኑ እንደ ፍጹም ትሩፋት ቆጥረው የሚረኩበትን ልማድ ነው።

ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1980 የፈረሙት የስደተኞች ሕግ፣ በቬትናም፣ በካምቦዲያና በላኦስ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ከየአገራቸው የፈለሱትን ነፍሳት በሥርዓት ለመቀበል የወጣ፣ ኋላም በሱዳን በኩል ለተሰደዱት ወገኖቻችን በር የከፈተ መልካም ሕግ ሲሆን፣ ስደተኛው በተቻለ ፍጥነት በኢኮኖሚ ራሱን እንዲችል ያዝዛል። መጀመሪያ የገንዘብ ርዳታው እስከ 36 ወር ይዘልቅ ነበር፤ በ1982 ወደ 18፣ በ1988 ወደ 12፣ በ1991 ወደ 8 ወር ወረደ። የሰው ልጅ ባዕድ ቋንቋ የሚለምድበትና ከሐዘኑ የሚጽናናበት ዘመን ግን በዐዋጅ አላጠረም።

የሞንግ ሕዝብ ነገር ይህን ከማንም ይልቅ ያስረዳል። በላኦስ ተራሮች ላይ ደን እየመነጠሩ ሩዝና በቆሎ ይዘሩ የነበሩት እነዚህ ገበሬዎች፣ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት በስውር ባካሄደው ጦርነት በጄኔራል ቫንግ ፓኦ መሪነት ከተሰለፉና ብዙ ልጆቻቸውን ካጡ በኋላ፣ በግንቦት 1975 የሎንግ ቼንግ ጦር ሰፈር ሲለቀቅ የሜኮንግን ወንዝ ተሻግረው በታይላንድ መጠለያዎች ዓመታትን አሳለፉ። ልሳናቸው በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው በ1950ዎቹ መባቻ ስለ ነበረ፣ ከአረጋውያኑ ብዙዎቹ ብዕር ጨብጠው አያውቁም ነበር። ወደ አሜሪካ በገቡም ጊዜ መንግሥት በአንድ ከተማ ላይ ሸክም እንዳይበዛ ብሎ በየክፍለ ሀገሩ በተናቸው፤ እነርሱ ግን ጎሳ ጎሳውን እየፈለገ በካሊፎርኒያው ፍሬዝኖና በሚኒሶታው ሴንት ፖል ተሰባሰቡ፤ በሚኒሶታም ሕጉ ከመውጣቱ ሦስት ዓመት ቀድመው፣ በ1977፣ የራሳቸውን መረዳጃ ማኅበር አቆሙ። ሟቻቸውን ቀንና ሌሊት በሚፈጅ ሥርዓት የሚሸኙት፣ የሠርጉንም ወጪ የሚሸከሙት በጎሳቸው ተደጋግፈው ነው፤ እድር ያለው ሕዝብ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። እንዲህ ላለ ሕዝብ ነው እንግዲህ አንድ ሰው ለብቻው የሚያገኘው የሰዓት ክፍያ የኑሮው መለኪያ ሆኖ የቀረበለት።

እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በታይላንድ በዋት ታም ክራቦክ ገዳም ዙሪያ ሰፍረው ከነበሩት ሞንጎች 15,000 ያህሉ ወደ አሜሪካ ሲመጡ፣ እኔ ለአገሬ ሰዎች ለማስተርጐም ወደ አንድ የስደተኞች ማኅበር እመላለስ ነበር። በዚያም አንዲት የሞንግ እናት በአንዲት ሠራተኛ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው አየሁ። ማኅበሩ ስደተኞችን ሥራ የሚያስይዝበት መርሐ ግብር ውጤቱን የሚመረምረው በ120ኛውና በ180ኛው ቀን ነበርና፣ ቅጹ የሰዓት ክፍያቸውን፣ የሥራ ሰዓታቸውንና ድጎማው የቆመበትን ቀን ጠየቀ፤ ሌሊት ሌሊት የሆቴል ወለል ያጸዱ ስለ ነበር ሦስቱም ተሞሉ። አጠገባቸው ቆሞ የሚያስተረጉምላቸው የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው ነበር፤ ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱም የትምህርት ሰዓት ነው። ቅጹ ልጁ በዚያ ሰዓት ስለ ምን ከክፍሉ እንደ ወጣ አልጠየቀም፤ እናቲቱ ምን መዝራት፣ ምን መጥለፍ እንደሚያውቁም አልጠየቀም። ሠራተኛዋ ደግ ሴት ነበረች፤ የታዘዘችውን ምልክት አድርጋ ፋይሉን ዘጋችው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኒያኑ እናት በሴንት ፖል የገበሬዎች ገበያ አገኘኋቸው። ጠጅ ሣሩን በላስቲክ አስረው ደርድረው፣ ቃሪያውን በሳህን ከምረው፣ በድንብላሉ ቅጠል ላይ ውኃ እያርከፈከፉ ይሸጡ ነበር። ሆቴሉንም አልተዉም፤ አትክልቱን የሚያበቅሉት ለአንድ ዓመት ብቻ በተከራዩት ቁራሽ መሬት ነበርና፣ ባለቤቱ በሚቀጥለው ጸደይ ይከልክላቸው ይፍቀድላቸው አያውቁም።

የሕዝብ ገንዘብ ሒሳብ ሊቀርብበት ይገባል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሥራም ሰውን እንደሚያስከብር አልክድም። ነገር ግን ማኅበሩ ራሱ በየዓመቱ በሚታደስ ርዳታ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ቶሎ የሚቀጠረውን ጎልማሳ ያስቀድማል፤ ሽማግሌው፣ መበለቲቱና በጦርነት የቈሰለው ቁጥር ስለማያሳምሩ ወደ ኋላ ይቀራሉ። በ1996 የወጣው የድጎማ ሕግ ዜጋ ያልሆኑ አረጋውያን ለችግረኛ አረጋውያን ከሚሰጠው ርዳታ እንዲወጡ ባዘዘ ጊዜ፣ ምንም እንኳ በማግሥቱ ዓመት አብዛኛው ቢመለስላቸው፣ ለአሜሪካ የተዋጉ ሞንጎች በማያውቁት ቋንቋ የዜግነት ፈተና እንዲያልፉ ተገደዱ። እስከ 45,000 የሚደርሱ ተዋጊዎችን፣ ሚስቶቻቸውንና መበለቶቻቸውን ከእንግሊዝኛው ፈተና ነጻ ያደረገው ሕግ የወጣው ገና በ2000 ነው። በእነዚያ ዓመታት የቅጥር ቁጥር እየተደመረ ይቀርብ ነበር፤ የሽማግሌዎቹ ፍርሃት ግን ዐምድ አልነበረውም።

ገበሬ የነበረን ሕዝብ መሬት ሳያገኝ ራሱን ቻለ ማለት እንዴት ይቻላል? የሚኒሶታ የሞንግ ገበሬዎች በ2011 የራሳቸውን ማኅበር መሥርተው በዳኮታ አውራጃ 155 ኤከር እርሻ ለአባሎቻቸው ማከፋፈል የጀመሩት፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጣቸው ቅጽ ስላጡ ነው ብዬ አምናለሁ። ለጋሾችም ማኅበራትም ከእነርሱ ይማሩ። መዝገቡ በጥቂት ወራት ውስጥ አይዘጋ፤ በሦስተኛው ዓመት ሠራተኛዋ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ልጁ ትምህርቱን እንደ ቀጠለ፣ እናቲቱ የሚያርሱት መሬት የጸና ውል እንዳለው፣ አያት ሐኪም ቤት ሲሄዱ ማን እንደሚያስተረጉምላቸው ትጠይቅ። ለዚህ አዲስ ዐዋጅ አያስፈልግም፤ 36 ወር የሚለው ቃል በ1980ው ሕግ ውስጥ ዛሬም እንደ ተጻፈ ይገኛል።