መንገዱ እዚህ፣ ሰዉ እዚያ

መቼም መንገድ ሲሠራ የሚከፋው ሰው የለም። እኔም ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የተዘረጋውን የብስክሌት መንገድ ሳይ «እሰይ!» ነው ያልኩት። መኪናና እግረኛ በሚጋፉባት ከተማ ብስክሌተኛም ድርሻ ማግኘቱ ያስመሰግናል።

ግን ማን ይንዳበት? በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር የፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሰው ተነሣ። በ2017 ዓ.ም. ተራው የካዛንችስ ሆነና ብዙው ገላን ጉራ ገባ። ትናንት በእግሩ ሥራ ይደርስ የነበረ ሰው ዛሬ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያነጋል። ብስክሌት የሚያስፈልገው ለእሱ ነበር፤ መንገዱ የተሠራው ግን እሱ ለቆት በሄደው ሰፈር ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄው ነው።

ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ሲታጠፉማ ሌላ ጉድ አለ። እኔ ሰፈር ጉድጓዱን የምንደፍነው አዋጥተን፣ በድንጋይና በአፈር ነው። ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ጠርጎት ይሄዳል፤ እኛም እንደገና እናዋጣለን።

መንገዱ ይሠራ፤ አንቃወምም። ነገር ግን ሰው ወዳለበት ይዝለቅ! ቀለም የተቀባ አስፋልት ለፎቶግራፍ ያምራል። ለሠራተኛው የሚበጀው ግን ከደጁ የሚጀምር መንገድ ነው።