የበቆሎው ተምች ከየት መጣ? በር መዝጋት አሁንም ይጠቅማል?

የአሜሪካ መጤ ተምች በአገራችን መጀመሪያ የታየው በ2017 መጀመሪያ ላይ፣ በደቡብ ምዕራብ በሸካ ዞን የኪ ወረዳ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዓመቱ ሳያልቅ ዋና ዋናዎቹን የበቆሎ አብቃይ አካባቢዎች አዳረሰ። አርሶ አደሩ ከነቤተሰቡ ማሳ ውስጥ ገብቶ ትሉን በእጁ እየለቀመ ሲጨፈልቅ የነበረበትን ያንን ክረምት የማያስታውስ የገጠር ሰው ያለ አይመስለንም። በቆሎ በምርት መጠን ከአገሪቱ ሰብሎች ቀዳሚው ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የጥቂት ማሳዎች ሳይሆን የብዙ ሚሊዮን ሰዎች የዕለት ጉርስ ጉዳይ ነው።

ስለ ተምቹ አመጣጥ ብዙዎቻችን የምናውቀው ታሪክ አጭር ነው። ከአሜሪካ አህጉር ተነስቶ በ2016 መጀመሪያ ናይጄሪያን ጨምሮ በምዕራብ አፍሪካ ታየ። ከዚያ እየበረረ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጣ፤ በ2018 ሕንድ፣ በ2019 ቻይና፣ በ2020 አውስትራሊያ ገባ። ካርታው ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተሰመረ አንድ ቀስት ማለት ነው። ታሪኩ ለማመን አይከብድም። የእሳት እራቷ በአንድ ሌሊት ከነፋስ ጋር እስከ 100 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፤ በዕድሜዋም ከ1000 በላይ እንቁላል ትጥላለች። በሞቃት አካባቢ ከእንቁላል እስከ እሳት እራት ያለው ዑደት በአንድ ወር ገደማ ያልቃል። ውርጭ ስለማትችል አሜሪካ ውስጥ ክረምቱን የምታሳልፈው እንደ ደቡብ ፍሎሪዳና ደቡብ ቴክሳስ ባሉ ሞቃት ቦታዎች ብቻ ነው። እኛ ጋ ግን በቆላው በመስኖ የሚለማ በቆሎ እስካለ ድረስ ዓመቱን ሙሉ መኖሪያ አላት።

ይህ ታሪክ አንድ ድምዳሜ ይዞ ይመጣል፦ «አንዴ ገብቷል፤ ክንፍ ያለውን ነገር በኬላ ማን ያግደዋል?» የዘረመል ተመራማሪዎች የደረሱበት ግን ይህን ድምዳሜ ያናጋል። ለዚህም ነው ላቦራቶሪ ውስጥ ያለውን ክርክር ወደ አንባቢዎቻችን ማምጣት የፈለግነው።

ተምቹ በመልክ የማይለዩ ሁለት ዘሮች አሉት። አንዱ በቆሎና ማሽላ ይመርጣል፤ ሌላው ሩዝና የግጦሽ ሳር። ለፎገራ የሩዝ አርሶ አደር ይህ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። የሚለዩት በዲኤንኤ ብቻ ሲሆን ሁለት መንገዶች ተለምደዋል። አንደኛው ከእናት ብቻ የሚወረሰውን የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ማየት ነው። ሁለተኛው ዜድ በተባለው የጾታ ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ ዘረመል መመርመር ነው። የአፍሪካ ናሙናዎች ሲመረመሩ ሁለቱ አልተስማሙም። ብዙዎቹ ተምቾች በእናታቸው በኩል «የሩዝ» ሆነው፣ በክሮሞዞማቸው «የበቆሎ» ሆነው ተገኙ። በቀላል አማርኛ ዲቃሎች ናቸው። ማሳ ላይ የታየውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ በአፍሪካ ጉዳቱ የበረታው በበቆሎና በማሽላ ላይ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪ ሮድ ናጎሺና ባልደረቦቹ የዘር ምልክቶቹን አነጻጽረው፣ የአፍሪካው ተምች ከፍሎሪዳና ከካሪቢያን አካባቢ ካለው ጋር እንደሚቀራረብ ጻፉ። በአፍሪካና በእስያ ያሉት መመሳሰላቸውም ያንን የአንድ ቀስት ታሪክ የሚደግፍ ሆኖ ታየ።

በሁለት ምልክት ብቻ የሰውን የዘር ሐረግ መቁጠር ግን አያትን ብቻ ጠይቆ ስለ መላው ቤተሰብ እንደ መናገር ነው። በ2023 በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች መሪነት የወጣ ጥናት ከተለያዩ አህጉሮች የተሰበሰቡ 262 ተምቾችን ከመላው ዘረመላቸው በተወሰዱ ምልክቶች መረመረ። 252ቱ ዲቃሎች ነበሩ። የማያንማርና የቻይና ተምቾች በዘር ስለተለያዩ፣ ተምቹ ከአፍሪካ ተነስቶ በማያንማር በኩል ቻይና ገባ የሚለው ትረካ አልጸናም። አውስትራሊያ ውስጥ እንኳ በተለያዩ ክፍለ ግዛቶች ያሉት እርስ በርስ ስለሚለያዩ በተለያዩ በሮች መግባታቸውን ያሳያል። የጥናቱ ድምዳሜ ተምቹ ወደ አሮጌው ዓለም የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ መሆኑን፣ ያመላለሰውም በዋናነት የእርጥብ ተክልና የአትክልት ንግድ መሆኑን የሚያመለክት ነው። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ የነናጎሺ ወገን የአፍሪካና የእስያው ተምች ቅርበት ላይ ጸንቷል። እኛ ግን መላውን ዘረመል ያየው ማስረጃ ሚዛን ይደፋል ባዮች ነን።

ከዚሁ ጋር የቲማቲሙን ቅጠል ሰርሳሪ ማየት ይጠቅማል። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ይህ ተባይ በ2006 ስፔን ታየ፤ በ2012 እኛ ጋ ደረሰና የስምጥ ሸለቆን ቲማቲም አልሚዎች አሳሩን አበላቸው። የእሱ ዘረመል ሲመረመር የወረራው ሁሉ ምንጭ አንድ፣ ማዕከላዊ ቺሊ፣ ሆኖ ተገኘ። እዚያ ላይ በእርግጥ ከአንድ ምንጭ የተነሳ ወረራ ነበር። ስለዚህ «ሁሉም ተባይ አንድ ዓይነት ነው» ብሎ አንድ መመሪያ መጻፍ አያዋጣም።

ደጋግሞ መግባቱ ለአርሶ አደሩ ምን ያደርጋል? አዲስ የመጣች የእሳት እራት ባዶ እጇን አትመጣም፤ የመድኃኒት መቋቋሚያዋን በደሟ ይዛ ትመጣለች። ከብራዚል፣ ከፖርቶ ሪኮ፣ ከኢንዶኔዥያና ከኬንያ የተወሰዱ ናሙናዎች ሲመረመሩ፣ ማላታዮንና ክሎርፓይሪፎስን የመሰሉ ፀረ ተባዮች የሚያጠቁትን የነርቭ ኢንዛይም የሚለውጥ የዘረመል ምልክት በአራቱም አገሮች ተገኝቷል። ተምቹ ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር የተዋወቀው እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው ማለት ነው። አርሶ አደሩ «ረጨሁት፣ አልሞተም» ሲል የልማት ሠራተኛው «በደንብ አልረጨኸው ይሆናል» ብቻ ብሎ ቢመልሰው ፍትሐዊ አይደለም። በእርግጥ ትሉ በቆሎው እምብርት ውስጥ ተሸሽጎ መድኃኒቱ ሳያገኘው የሚቀርበት ጊዜም አለ።

ሌላው የቢቲ በቆሎ ነገር ነው። ተምቹን የሚገድል ፕሮቲን በራሱ የሚያመርት፣ ዘረመሉ የተለወጠ በቆሎ ነው። ናይጄሪያ በ2024 ለገበሬዎቿ ለቅቃለች፤ በኢትዮጵያም በምርምር ማሳ ሲሞከር ቆይቷል። እዚህ ላይ የፖርቶ ሪኮን ነገር ማንሳት ግድ ነው። እዚያ አንድ የቢቲ ፕሮቲን የያዘ በቆሎ በ2003 ገደማ ተዘራ፤ ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ተምቹ ስለለመደው ከገበያ ወጣ። ምክንያቱ በአንድ ዘረመል ላይ የተፈጠረ ለውጥ ነበር። ይህ የፖርቶ ሪኮው ለውጥ ግን ከላይ በጠቀስናቸው የኬንያና የኢንዶኔዥያ ናሙናዎች አልተገኘም፤ ወረራው በጀመረባቸው ዓመታት ቻይና ውስጥ በተመረመሩትም የታወቀ የቢቲ መቋቋሚያ አልታየም። ይህ ለእኛ ትልቅ ዜና ነው። ያልገባ ነገር አለ፤ የሚጠበቅ በር አለ። የቢቲ በቆሎን የሚደግፍም የሚቃወምም ሰው በዚህ ነጥብ ላይ የሚጣላ አይመስለንም። ሆኖም ክርክሩ በሙሉ ስለ ዘሩ ሆኖ፣ ስለ ኬላው የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ከውጭ በሚገባ በቆሎ፣ ቃሪያና ደበርጃን ላይ በዚሁ ተምች ምክንያት አስቸኳይ ቁጥጥር ጥሏል። እነሱ ከእኛ የሚመጣውን ይፈትሻሉ፤ እኛስ ከሌላው የሚመጣውን?

ስለ ጉዳቱ መጠንም አንድ ነገር እንበል። በ2018 የታተመ ጥናት አርሶ አደሮችን ጠይቆ፣ በኢትዮጵያ ጉዳቱ 32 በመቶ ይደርሳል የሚል ግምት አገኘ። ዚምባብዌ ውስጥ በማሳ ላይ ሲለካ ግን የምርት ቅነሳው 12 በመቶ ገደማ ነበር። የተበላ ቅጠል ሁሉ የጠፋ ፍሬ አይደለም፤ በቆሎ ያገግማል። ድንጋጤው በበዛ ቁጥር ርጭቱ ይበዛል፤ ርጭቱ ደግሞ ወዳጁንም ይገድላል። ወዳጅ ደግሞ አለ። ኮቴሲያ ኢሲፔ የምትባለው ጥቃቅን ተርብ እንቁላሏን በትሉ ውስጥ ጥላ ከውስጥ ታስበላዋለች፤ በኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ከተሰበሰቡት ትሎች ከ33 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑትን አጥቅታ ተገኝታለች። የአገር ቤት ተርብ ናት፤ መጤውን በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ለመደችው።

የተምቹን ዘር በየጊዜው መከታተል ከባድ ሥራ አይደለም። ከሞያሌ፣ ከመተማ፣ ከጋምቤላና ከድሬዳዋ አካባቢ በየወቅቱ ጥቂት ደርዘን ትሎችን በአልኮል ይዞ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ይበቃል። ምርመራው የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ የዘንድሮው ትል የአምናው ልጅ ነው ወይስ አዲስ እንግዳ? የትኛውንስ መድኃኒት ለምዷል? የሚቀጥለው የፀረ ተባይ ግዢ ከመፈረሙ በፊት መልሱ በግብርና ሚኒስቴር ጠረጴዛ ላይ ቢገኝ፣ አርሶ አደሩ ለማይሠራ መድኃኒት ገንዘቡንም ጤናውንም አይከፍልም።