ሁለተኛውን ምክር ቤት ማን ይምረጠው?

አንድ ቅዳሜ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በአሞራ ገደል ከሐይቁ ዳር ተቀምጠን ዓሣ ስንበላ ጨዋታችን ከዜግነት ትምህርት ላይ ደረሰ። አንዱ «በፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚወክለን ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አምስት ነበርን፤ ከአምስታችን አንድ እንኳ መልስ የሰጠ አልነበረም። እኔም አፈርሁ። በዚህ ዓመት 18 ዓመት ስለ ሞላኝ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መሠረት የመምረጥ መብት አለኝ፤ ታዲያ ስሙን እንኳ የማላውቀውን ሰው እንዴት ወኪሌ ነው እላለሁ? ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

ሁለት ምክር ቤት ማቆም ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተሰጠው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን አቋቁሞ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ሲሻሻል የመምሪያውን አባላት ሕዝቡ እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ የመወሰኛው አባላት ግን በንጉሠ ነገሥቱ መሾማቸው አልቀረም። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሁለቱንም ዘጋ። ዛሬ የምንተዳደርበት የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ እንደገና ሁለት ምክር ቤቶች አቆመ።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በቀጥታ በሕዝብ ይመረጣል፤ አባላቱ ከ550 አይበልጡም፤ ሕግ የሚያወጣውም እርሱ ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቤት ነው። እያንዳንዱ ቢያንስ 1 ወኪል አለው፤ ለእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ 1 ወኪል ይጨመርለታል። ይህ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል፤ የክልሎችን አለመግባባት ይፈታል፤ የራስን ዕድል በራስ ስለ መወሰን የሚነሡ ጥያቄዎችን ይወስናል፤ የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠውንም ድጎማ ይደለድላል። እንግዲህ የመምህራን ደመወዝ የሚከፈልበት የክልል በጀት እንኳ ከዚህ ቤት ውሳኔ ጋር የተያያዘ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «አንድ ምክር ቤት ይበቃል፤ ሁለተኛው ወጪ ማብዛት ነው» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አባቶቻችን «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ብለዋል። ነገሩ ሁሉ በሕዝብ ብዛት ብቻ ቢቆረጥ ኖሮ ቁጥሩ ጥቂት የሆነ ብሔረሰብ ድምፁ ተውጦ ይቀር ነበር። ሳይመለስ የቆየ ጥያቄ ምን እንደሚያስከትል ከተማችን ታውቃለች። የሲዳማ ክልል የመሆን ጥያቄ በዘገየ ጊዜ፥ በሐምሌ 2011 ዓ.ም. የሰው ሕይወት ጠፋ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ግን ሕዝቡ ድምፁን ሰጠ፤ ከ100 ከ98 በላይ የሚሆነው ደገፈው፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ሲዳማ 10ኛው ክልል ሆነ። ጠብ ያልፈታውን የድምፅ መስጫ ወረቀት ፈታው።

ስለዚህ ቅሬታዬ በቤቱ መኖር ሳይሆን በአመራረጡ ነው። አንቀጽ 61 የክልል ምክር ቤቶች ወኪሎቹን ራሳቸው እንዲመርጡ ወይም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲመርጥ እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። እስካሁን የተሠራበት የመጀመሪያው መንገድ ነው። ከዚህም የተነሣ ሕዝቡ ወኪሉን አያውቅም፤ ወኪሉም ለሕዝቡ መልስ የመስጠት ግዴታ አይሰማውም። በአሜሪካም የሴኔት አባላትን ይመርጡ የነበሩት የክልሎቹ ምክር ቤቶች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1913 ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው ምርጫውን ለሕዝብ ሰጡ። እኛ ግን ማሻሻል እንኳ አያስፈልገንም፤ በሩ በሕጉ ተከፍቶ ተቀምጧል።

«እንዲህ ያለው ምርጫ ጎረቤትን ከጎረቤት ይለያያል» የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ በዚያ ቅዳሜ አብረን የበላነው አምስታችን እንኳ የአፍ መፍቻ ቋንቋችን አንድ አይደለም። ነገር ግን እጩዎቹን ብሔረሰቡ አቅርቦ የክልሉ ነዋሪ ሁሉ ቢመርጣቸው፥ እጩው የወገኑን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ድምፅ ለመለመን ይገደዳል። ይህም የሚያቀራርብ እንጂ የሚለያይ አይመስለኝም።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፥ በክልላችን ምክር ቤት ያሉትን ተመራጮቻችሁን ይህን ጉዳይ ጠይቁልን። እናንተም ጓደኞቼ፥ የምትደግፉትን የእግር ኳስ ቡድን ተጫዋቾች ሁሉ በስም ታውቃላችሁ፤ ሕገ መንግሥታችሁን የሚተረጉምላችሁን ሰው ስምም ፈልጋችሁ ዕወቁ። ወኪሉን የማያውቅ ሕዝብ ወኪሉን ሊጠይቅ አይችልምና።