እጀ ረጅም ማነው? ዘይቤን ከራሳችን ቋንቋ እንጀምር



የፈተና ሰሞን በየዶርሙ አንድ ዓይነት ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እናያለን። ሲሚሊ፣ ሜታፎር፣ ፐርሶኒፊኬሽን፣ አሊተሬሽን ከነትርጉማቸው ተደርድረውበታል። እንሸመድዳለን፣ እንፈተናለን፣ በሳምንቱ እንረሳለን። አንዳንዶቻችን ጭራሽ «ሥነ ጽሑፍ ለኔ አልተፈጠረም» ብለን እንደመድማለን። እኛ ግን ችግሩ ያለው ተማሪው ላይ ሳይሆን ትምህርቱ በሚጀመርበት ቦታ ላይ ነው እንላለን።

እስቲ ያለንበትን አካባቢ እንመልከት። ከጅግጅጋ፣ ከቀብሪበያህ፣ ከአውበሬ ወይም ከሽንሌ የመጣ ተማሪ «አሊተሬሽን» የሚለውን ቃል ከመማሩ በፊት ነገሩን በሠርግና በሽማግሌዎች ጉባኤ ሰምቶታል። በሶማሊ ግጥም ይህ ጌጥ ሳይሆን ሕግ ነው፤ ስሙም ሐረፍራዕ ይባላል። ገባይ በሚባለው ረጅም ግጥም እያንዳንዱ ስንኝ ለሁለት ይከፈላል፤ በሁለቱም ክፍል ውስጥ በተመረጠው ድምፅ የሚጀምር ቃል መኖር አለበት። ግጥሙ መቶ ስንኝ ቢኖረው እንኳ ገጣሚው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንኑ ድምፅ ይጠብቃል። የሴቶች ግጥም የሆነው ቡራንቡርም ከዚህ ሕግ አይወጣም። በ1979 እ.ኤ.አ. መሐመድ ሃሺ ዳማዕ (ጋሪዬ) የጀመረውና ብዙ ገጣሚዎች የተቀባበሉት ሰንሰለታዊ ግጥም «ዴሌይ» የተባለው የታሰረበት ድምፅ «ደ» ስለሆነ ነው። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል በይፋ መጻፍ የጀመረው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ግጥሙ የኖረው በዋናነት በቃል በያዙት ሰዎች ነው። ይህን የሰማ ልጅ አሊተሬሽንን ያውቀዋል፤ የጎደለው የእንግሊዝኛ ስሙ ብቻ ነው።

ከወሎ ወይም ከአዲስ አበባ የመጣው ወንድማችን ደግሞ ጆሮው የለመደው ሌላ ነው። የአማርኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ነው፤ መንዙማውም እንዲሁ። ሶማሊኛ ተናጋሪው የቃሉን መነሻ ያደምጣል፣ አማርኛ ተናጋሪው የስንኙን መድረሻ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ግማሽ ሰዓት ግጥም ቢለዋወጡ የአሊተሬሽንና የራይም ልዩነት ከአእምሯቸው አይጠፋም። በአንድ ሶፍ እየሰገድን፣ በአንድ ካፌ እየበላን ይህን ሳንለዋወጥ መመረቃችን ያስቆጫል።

ጉዳዩ የውጤት ብቻም አይደለም። ዘይቤን አለመለየት በዲናችንም ትርጉም ያሳስታል። የጾም መጀመሪያን በነጭና በጥቁር ክር የሚገልጸው የቁርኣን አንቀጽ በወረደ ጊዜ ሰሓባው ዐዲይ ኢብን ሓቲም (ረ.ዐ) እውነተኛ ነጭና ጥቁር ገመድ ትራሱ ሥር አስቀምጦ ሌሊት ይመለከት ነበር፤ አልለይ ቢለው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገራቸው። እሳቸውም የተፈለገው የሌሊት ጥቁረትና የቀን ንጋት መሆኑን አስረዱት። ሐዲሡ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል።

ሌላም አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከባለቤቶቻቸው ቀድማ የምትከተላቸው እጇ ከሁሉም የሚረዝመው እንደሆነች ነገሯቸው። እነሱም እጃቸውን መለካካት ጀመሩ። በሙስሊም ዘገባ መሠረት «ባለ ረጅም እጇ» ዘይነብ ቢንት ጀሕሽ (ረ.ዐ) ነበረች፤ በእጇ ሠርታ ሶደቃ ትሰጥ ነበርና። የእጅ ርዝመት ልግስና ማለት ነበር። ይህን ቃል በቃል ወደ አማርኛ ብናመጣው ምን ይሆናል? እኛ ዘንድ «እጀ ረጅም» ሌባ ነው! አንዱ ሕዝብ የሚያመሰግንበትን ቃል ሌላው ይሰድብበታል። በትርጉም ብቻ እያነበብን፣ በስልካችን በሚዘዋወር አንድ መስመር ላይ ተመሥርተን የምንከራከር ሰዎች ይህን ልናስብበት ይገባል። ዑለሞቻችን ተሽቢህን፣ ኢስቲዓራንና ኪናያን የሚያጠና በላጋ የተሰኘ ዒልም ያቆሙት በከንቱ አይደለም። በ471 ሂጅራ ያረፉት ዐብዱልቃሂር አል-ጁርጃኒ ትልልቅ ኪታቦቻቸውን የጻፉት በዚሁ ዘርፍ ነው።

«ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ገባይና መንዙማ ጊዜ ይፈጃል» የሚሉ አሉ። ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆኑ እውነት ነው፤ የእንግሊዝኛ ስሞቹንም ማወቅ ግዴታ ነው። ጥያቄው የቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ ነገሩ፣ ቀጥሎ ስሙ ይምጣ ነው የምንለው። ለዚህ ደግሞ ከዱግሲ የተሻለ ምስክር የለም። በሶማሊ የቁርኣን ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፈትሓን «ላ ኮርደበይ»፣ ከስራን «ላ ሆስደበይ»፣ ዶማን «ላ ጎደይ» እያለ ነው የሚማረው። ይህን ዘዴ ያመጡት ሸይኽ ዩሱፍ አል-ከውነይን መሆናቸው ይነገራል። ዐረብኛውን ሳይነኩ፣ የሕፃኑን አፍ ተጠቅመው አናባቢውን አስተማሩ። ስንት ትውልድ በዚህ ቀርቷል! ለቁርኣን የሠራ መንገድ ለእንግሊዝኛ ግጥም የማይሠራበት ምክንያት አይታየንም።

ስለዚህ ለጀመዓችን የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ለጀማሪ ተማሪዎች እንመድብ። እያንዳንዱ ከቤቱ የሰማውን አንድ ስንኝ ወይም ምሳሌያዊ አነጋገር በራሱ ቋንቋ ይዞ ይምጣ፤ ሶማሊኛም ይሁን አፋን ኦሮሞ፣ ሐረሪም ይሁን አማርኛ። በመጀመሪያ ምን ለማለት እንደተፈለገ ያስረዳን። ከዚያ ተነጻጻሪ ነው ወይስ ተለዋጭ፣ ሰውኛ ነው ወይስ ምጸት ብለን እንለይ። የእንግሊዝኛውን ስም በመጨረሻ ሰሌዳው ላይ እንጻፍ። ለእናቱና ለአያቱ ስልክ ደውሎ ቡራንቡር የሚጠይቅ ተማሪ ዝምድናም ይቀጥላል፣ ትምህርትም ያገኛል። መምህራኖቻችንም ከመጽሐፉ ምሳሌ በፊት «በእናንተ ቋንቋ ይህ እንዴት ይባላል?» ብለው ቢጠይቁን ክፍሉ ዝም እንደማይል እርግጠኞች ነን።

ባዶ እጃችንን አልመጣንም፤ የያዝነውን እንጠቀምበት። አላህ ጠቃሚ ዒልምን ይጨምርልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።