የሞተ ካርታ ዋጋ

በናይሮቢ የዝናቡ ወራት ሲገባ ልጆች ከሜዳ ወደ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ጨዋታውም ክርክሩም በቤት ውስጥ ይሆናል። እኛም አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኪሊማኒ ሠፈር ከምትኖረው እኅታችን ዘንድ በእንግድነት ተገኝተን ሳለን፣ የማናውቀውን ነገር እንደምናውቅ አድርገን ፈረድን። በዚህም ምክንያት አንድ ልጅ የሚወደውን ነገር ሊያጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ነገሩ የካርታ ጨዋታ ነው፤ ትምህርቱ ግን ከካርታ ያልፋል ብለን ስለምናምን በዛሬው ዓምዳችን እንተርከዋለን።

የእኅታችን ልጅ ዕድሜው ዐሥራ አራት ዓመት ነው። ከትምህርት ቤት ጓደኛው ጋር በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የሚጫወተው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለውን ጨዋታ ነበር። ይህን ጨዋታ የፈለሰፈው ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ሲሆን፣ ለገበያ የወጣውም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ኮንካን ስንጫወት ሁላችንም ያንኑ የታወቀ ካርታ እንካፈላለን፤ በዚህ ጨዋታ ግን እያንዳንዱ ሰው እየገዛና ከጓደኛው ጋር እየለወጠ ካርታ ያጠራቅማል፤ ካጠራቀመውም ቢያንስ 60 መርጦ የራሱን ክምር ያዘጋጃል።

አንድን ካርታ ለማውጣት ማና የሚባል ኀይል ይከፈላል፤ ማናም በተለይ የሚገኘው ከመሬት ካርታዎች ነው። በአንድ ተራ አንድ መሬት ብቻ መዘርጋት ስለሚፈቀድ፣ ስምንት ማና የሚጠይቅ ካርታ እንደ ወትሮው ከሆነ ከስምንተኛው ተራ በፊት አይወጣም። ሥራውን የጨረሰ ድግምት፣ በውጊያ የሞተ ፍጡር፣ ከእጅ የተጣለ ካርታ ሁሉ በባለቤቱ አጠገብ ለብቻው ይከመራል፤ የዚህም ስፍራ ስም መቃብር ነው። እኅታችን በማዕድ ቤት ሳለች «መቃብሬ ሞልቷል!» የሚል ድምፅ ሰምታ ጭልፋዋን እንደ ያዘች ደንግጣ ብቅ ብትል፣ ነገሩን አስረድተን አረጋጋናት።

ልጁ ከካርታዎቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው አንድ ዘንዶ አለው፤ አባቱ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀው በመጣ ጊዜ የሰጠው ነው። ጓደኛው ይህን ዘንዶ ወስዶ በምትኩ ትሬዠር ክሩዝ ከሚባለው ካርታ አራቱን ሊሰጠው ፈለገ። ልጁም ወደ እኛ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ልለውጥ ወይስ ልተው?» ሲል ጠየቀን። ካርታውን ተቀብለን አየነው፤ ዋጋው ስምንት ማና፣ ጥቅሙ ሦስት ካርታ መሳብ ነው። በላዩ «ዴልቭ» የሚል ቃል ነበረበት፤ እኛ ግን አልመረመርነውም። «ልጄ፣ ስምንት ከፍሎ ሦስት ማግኘት ኪሳራ ነው፤ ተወው» አልነው። እሱም እሺ ብሎ ተወ።

ጨዋታው ቀጠለ። በአምስተኛው ተራ ጓደኛው ያንኑ ካርታ አወጣ፤ ከመቃብሩ ስድስት ካርታ አንሥቶ ከጨዋታው አስወገደና ሁለት ማና ብቻ ከፍሎ ሦስት ካርታ ሳበ። የእኅታችን ልጅ ዘንዶውን በእጁ እንደ ያዘ ተሸነፈ። አንድም ቃል አልተናገረንም፤ ቀና ብሎ አየን እንጂ። ከዚያም ተቈጥቶ ዘንዶውን ለጓደኛው ዘረጋና «በል ውሰደው!» አለው። እኛም «እስከሚመጣው ቅዳሜ ታገሥ፤ የፈረድነው ደንቡን ሳናውቅ ነው፤ እንድንማር ጊዜ ስጠን» ብለን እጁን ያዝነው።

በሳምንቱ ውስጥ የተማርነው እንደሚከተለው ነው። ከጨዋታ የወጣ ነገር ተመልሶ ማገልገሉ አዲስ አሳብ አይደለም። በቼዝ የተበላ ጠጠር እንደ ወጣ ይቀራል፤ በጃፓኖች ሾጊ ግን የተማረከው ለማራኪው ወታደር ሆኖ ይመለሳል። የናይሮቢ ወጣቶች ካዲ በሚሉት የካርታ ጨዋታ የሚሳበው ሲያልቅ የተጣለው ተበውዞ እንደ ገና ይሳባል። በማጂክ የሚለየው፣ መቃብር የእያንዳንዱ ሰው የግል ሀብት መሆኑና አንዳንድ ካርታዎች ሀብቱን በልዩ ልዩ ደንብ መጠቀማቸው ነው። ዴልቭ የተባለው ደንብ ከመቃብር የተወገደው እያንዳንዱ ካርታ ስለ አንድ ማና እንዲቈጠር ይፈቅዳል። በትሬዠር ክሩዝ ላይ ሰባቱ ማና በዚህ መንገድ ሊከፈል ይችላል፤ አንዱ ሰማያዊ ማና ግን የግድ ከሜዳ መምጣት አለበት።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ካርታ የሚመዝን ሰው ሦስት ጥያቄ ማቅረብ ይገባዋል።

አንደኛው፣ መቃብሩን ምን ይሞላዋል? የሚለው ነው። ተጫዋች ሰባት ካርታ ይዞ ይነሣል፤ በየተራው አንድ ይስባል። ሁለተኛ ሆኖ የጀመረ ሰው እስከ አምስተኛው ተራ 12 ካርታ ያያል። ከነዚህ አምስቱ መሬት ቢሆኑ ሰባት ይቀራሉ። ሰባቱ ርካሽ ድግምቶች ከሆኑ ወዲያው ሠርተው ወደ መቃብር ይገባሉ። ታላላቅ ፍጡራን ከሆኑ ግን ወይ ማና እስኪበቃ በእጅ ይቈያሉ፣ ወይም በሜዳ ቆመው ይዋጋሉ፤ መቃብሩም ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ያው ካርታ በጓደኛው ክምር ሁለት ማና ሲያወጣ፣ በእኅታችን ልጅ የዘንዶ ክምር ስምንት ማና ያወጣል ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ ከመቃብር የወጣው ያልቃል ወይስ ይታደሳል? የሚለው ነው። በዴልቭ የተወገደ ካርታ አይመለስም፤ አንዱ ትሬዠር ክሩዝ የበላውን ሁለተኛው አያገኘውም። አራቱን በአንድነት መያዝ እርስ በርሳቸው እንዲሻሙ ማድረግ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ድሬጅ የተባለው ደንብ ግን ተቃራኒ ነው፤ ተጫዋቹ አንድ ካርታ በመሳብ ፈንታ ከክምሩ ላይ በርከት ያሉ ካርታዎችን ወደ መቃብር ጥሎ፣ ድሬጅ ያለበትን ካርታ ወደ እጁ ይመልሳል። ይህ መቃብሩን ያበለጽገዋል እንጂ አያራቁተውም።

ሦስተኛው፣ ባላጋራ በምን ያህል ድካም ያጠፋዋል? የሚለው ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው ቶርሞድስ ክሪፕት የተባለው ካርታ ያለ ምንም ማና ወጥቶ የአንድን ተጫዋች መቃብር በሙሉ ያስወግዳል። ሀብቱን ሁሉ በመቃብር ያኖረ ሰው በዚህ በአንድ ካርታ ይደኸያል።

ምዘናው ለባለሙያዎችም ቀላል አልነበረም። ትሬዠር ክሩዝ በመስከረም 2014 ዓ.ም. ወጥቶ፣ በጥር 2015 ዓ.ም. ሞደርን ከሚባለው የውድድር ዐይነት ታገደ። በዚያው ማስታወቂያ አሳታሚው ጎልጋሪ ግሬቭ ትሮል የተባለውን የድሬጅ ካርታ ከእገዳ ፈታው፤ ሁለት ዓመት ቈይቶም በጥር 2017 ዓ.ም. መልሶ አገደው። ጨዋታውን የሚያሳትሙት ሰዎች እንኳ የመቃብርን ኀይል መዝነው ፍርዳቸውን የሚመልሱ ከሆነ፣ እኛ ከማዕድ በፊት በችኰላ መሳሳታችን አያስደንቅም።

በተባለው ቅዳሜ ተመልሰን ሄድን። ለልጁም እንዲህ አልነው፦ «አትለውጥ ያልንህ ምናልባት ደግ ምክር ይሆናል፤ ምክንያታችን ግን ስሕተት ነበር። አሁን እኛን ከማመን ራስህ ፈትነው።» ዘንዶው ከቦታው ሳይነሣ፣ በአራት ብጣሽ ወረቀት ላይ የካርታውን ስም ጽፈን ከክምሩ መካከል አስገባን። በመጀመሪያው ጨዋታ ሁለቱ ብጣሾች እስከ መጨረሻው በእጁ ቀሩ፤ መቃብሩ ከሦስት ካርታ አላለፈም ነበርና። ቀጥሎ ዘንዶውንና ሌሎቹን ታላላቅ ፍጡራን አውጥቶ በርካሽ ድግምቶች ተካቸው፤ ያን ጊዜ ወረቀቱ እንደ ጓደኛው ካርታ ሠራ። ልጁ ዘንዶውን አንሥቶ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። «ጋሼ፣ ካርታው ጥሩ ነው፤ የእኔ ጨዋታ ግን አይደለም» አለና ዘንዶውን ወደ ክምሩ መለሰ። ከጓደኛውም ጋር ሳይለዋወጡ፣ ሳይጣሉም ተለያዩ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጅ ምክር ሲጠይቀን የማናውቀውን ቃል ዘልለን ዋጋውን ብቻ አንመልከት። በመሥሪያ ቤትም ቢሆን፣ ከአንድ ደብዳቤ መካከል ያልገባንን ቃል ትተን ውሳኔ የጻፍንበት ቀን አይታጣም። በካርታው ላይ የተጻፈው ዋጋ ስምንት ነበር፤ የሚከፈለው ምን ያህል እንደ ሆነ የሚታወቀው ግን አጠገቡ ያለውን መቃብር በመቍጠር ነው።