«ሴራሚኩ ይሸፍነዋል» የምትባል ውሸት

በቀጥታ ልናገረው። የሻወር ግድግዳን ከውሃ የሚያድነው ሴራሚክ አይደለም። ሴራሚክ ጌጥ ነው፣ ለማጽዳትም ይመቻል። ውሃውን የሚያቆመው ከሴራሚኩ ጀርባ ያለው፣ ማንም ፎቶ የማያነሳው ግድግዳ ነው። እኛ ግን ያለንን ብር ለሚታየው እንጨርስና ለማይታየው ስንደርስ «እሱን ተወው፣ ሴራሚኩ ይሸፍነዋል» እንላለን። አዎ፣ ይሸፍነዋል። ችግሩም መሸፈኑ ነው!

እስቲ ከሥሩ እንየው። የግድግዳ ሴራሚክ ፊቱ ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ቅብ እውነትም ውሃ አያስገባም። ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ ውሃ ጠብ አድርጉበት ግን፣ ዓይናችሁ እያየ ይመጠዋል። «የኔ ፖርስሊን ነው» የምትሉ፣ ልክ ናችሁ፣ የሱ ጀርባ ያን ያህል አይመጥም። መጋጠሚያው ግን ያው ነው። ብዙ ጊዜ የሚሞላው በነጭ ሲሚንቶ ነው። ነጭ ሲሚንቶ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል፤ ባይሰነጠቅም ውሃ ይመጣል። ቤተሰቡ ገላውን በታጠበ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል።

ግድግዳችን ደግሞ በአብዛኛው ብሎኬት ነው። ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው። ልስኑን አልፎ የገባ ውሃ በዚያ ባዶ ሆድ ወርዶ ባልጠበቃችሁት ቦታ ብቅ ይላል፤ መኝታ ቤት ቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ኮሪደር ላይ፣ ወይም ታች ባለው ጎረቤት ጣሪያ ላይ። ቀለሙ ያብጣል፣ ይላጣል፣ ሻጋታ ይወርሰዋል። ባለቤቱ ቀለም ቀቢ ይጠራል። በዓመቱ ያው ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ሲሆን ደግሞ የአንድ ቤት ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ በሴራሚኩ እንግዳ ያስደንቃል፤ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው እናት የልጆቿን አልጋ ከሚንጠባጠብበት ጥግ ታሸሻለች። ከዚያ መኮራረፍ፣ ከዚያ ኮሚቴ፣ ከዚያ ሽማግሌ። ሁሉም የሚጣላው ስለ ውሃው ነው፤ ማንም ስለ ግድግዳው አያነሳም።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ለምትሉ፣ ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት መሠራት ያለበት ይሄ ነው።

መጀመሪያ ግድግዳውን አንኳኩት። ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ልስን ይነቀል። ቀለም የተቀባ ከሆነ ቀለሙ ይፋቅ፣ ፊቱም በመሮ ይቦርቦር፤ ለስላሳ ፊት ላይ የተለጠፈ ነገር ቀኑን ጠብቆ ይወድቃል። ሻወሩ ዙሪያ ጂፕሰም ካለ ሙሉ በሙሉ ይነሳ። ጂፕሰም ውሃ ሲጠጣ ይላሽቃል፣ ክርክር አያስፈልገውም።

ቀጥሎ ቧንቧው ሳይሸፈን ይፈተሽ። እዚህ ላይ የምሰማው ሰበብ «ዛሬ ውሃ የለም» የሚል ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይሄ ሰበብ መቼም አያልቅም። የግፊት መፈተሻ የእጅ ፓምፕ እኮ የሚፈልገው አንድ ባልዲ ውሃ ነው! ከጀሪካን ቅዱና ሙሉት፣ ግፊቱን ከፍ አድርጉ፣ ጌጁ ሳይወርድ ሰዓታት መቆየቱን እዩ። ካለዚያ ፈተናው የሚደረገው ውሃው በሌሊት በኃይል የመጣ ቀን ነው፤ ያኔ ደግሞ ሴራሚኩ ተለጥፏል።

ከዚያ ልስኑ። በቱንቢና በውሃ ልክ ይውጣ። ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ስታስደግፉበት ከሥሩ የሚታየው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ግድግዳው ሲዛባ ሴራሚክ ሠሪው ምን ያደርጋል? ጀርባው ላይ እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ያለ ሲሚንቶ አድርጎ ያስተካክለዋል። በጉብታዎቹ መካከል የቀረው ባዶ ቦታ የውሃ ጎተራ ይሆናል። ልስኑ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ውሃ እየጠጣ ይጠንክር፣ ከዚያ ይድረቅ። ዛሬ ለስኖ ነገ መለጠፍ ፍጥነት አይደለም።

መጨረሻ ላይ፣ ሁልጊዜ የሚዘለለው፦ ውሃ መከላከያው። መጀመሪያ ወለሉ ወደ ማፍሰሻው በሜትር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ። ከዚያ መከላከያው ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ አንደኛው ቁልቁል ከሆነ ሁለተኛው አግድም። ጥጎቹ፣ ወለልና ግድግዳ የሚገናኝበት፣ ቧንቧው የሚወጣበት ዙሪያ መረብ ይግባበት፤ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው እሱ ነው። ግድግዳው ላይ እስከ 2 ሜትር ይውጣ። ሲደርቅ ማፍሰሻውን ድፈኑና ወለሉ ላይ ውሃ አቁሙ፣ 24 ሰዓት ይቆይ። በማግስቱ ታች ወርዳችሁ የጎረቤታችሁን ጣሪያ እዩ። ደረቅ ከሆነ አሁን ሴራሚካችሁን አምጡ። ማጣበቂያውም ከጥግ እስከ ጥግ ይሞላ።

«ገንዘቡስ?» እሺ፣ እናስላው። 90 በ90 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በሁለት ግድግዳ የታቀፈ ሻወር፣ እስከ 2 ሜትር ከፍታ ከነወለሉ ቢደመር 5 ካሬ አይሞላም። የምትከራከሩት ለ5 ካሬ ቅብ ነው! ስህተቱን ለማረም ግን ሴራሚኩን መስበር፣ ልስኑን ማንሳት፣ ቧንቧውን መፈለግ፣ እንደገና መግዛት፣ እንደገና ማስለጠፍ አለ። ያ ሴራሚክ ደግሞ ያኔ ገበያ ላይ አይገኝም፣ ቢገኝም ቀለሙ አይገጥምም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

«ሠሪው ሃያ ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ፣ ምንም አልሆነም ብሎኛል» የሚል መልስም አለ። ምንም እንዳልሆነ በምን ያውቃል? ሥራውን ጨርሶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ግድግዳው የሚረጥበው በዓመቱ፣ በሁለት ዓመቱ ነው። ያየችው የታችኛዋ ጎረቤት ናት፤ እሷን ደግሞ ማንም አልጠየቃትም።

ግን ጥፋቱን ሁሉ ሠሪው ላይ ብጭን ግፍ ነው። የምንከፍለው በካሬ ነው። የሚቆጠረው የተለጠፈው ብቻ ነው። አንኳኩቶ የነቀለበት፣ የፈተሸበት፣ ልስኑ እስኪደርቅ የጠበቀበት ቀን ከኪሱ የሚወጣ ነው። ጥንቃቄን የሚቀጣ አከፋፈል ይዘን ጥንቃቄ ከየት ይመጣል? ቀናው ሠሪ ዋጋ ሲያስገባ ይወደዳል፣ እኛም «ሌላው በርካሽ ይሠራልኛል» ብለን እንሸኘዋለን። ከዚያ «ባለሙያ ጠፋ» እያልን እናማርራለን። ባለሙያው አልጠፋም፣ እኛ ነን ያባረርነው።

ስለዚህ ቤት የምታስጨርሱ ሁሉ፦ ዝግጅቱን ከመለጠፉ ለዩት። በውላችሁ ላይ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው፣ ራሱን የቻለ ክፍያ ይኑረው፣ የ24 ሰዓቱ ፈተና ሳያልፍ የሴራሚክ ሥራ አይጀመር። ብር ካነሰ ርካሹን ሴራሚክ ግዙ፤ ነጭ፣ ተራ፣ ያለ ወርቅ መስመር። በደረቅ ግድግዳ ላይ ያለ ተራ ሴራሚክ በረጠበ ግድግዳ ላይ ካለ ውድ ሴራሚክ ይበልጣል።

እናንተ ተማሪዎቼ የነበራችሁ ደግሞ፣ አሁን ሳይት የምትመሩ፣ ይቺን ብቻ ያዙልኝ። ቧንቧውንና መከላከያውን ሳትሸፍኑ ፎቶ አንሱ፣ ለባለቤቱ ስጡት። ነገ የሚጠግነው ሰው የት እንደሚቆርጥ ያውቃል። ባለቤቱም ምን እንደከፈለበት ያያል። «ፎቶ ምን ያደርጋል፣ ዝም ብለህ ልጠፍ» ካላችሁ ደግሞ ሥራውን ተዉለት። የታችኛው ፎቅ ላይም ሰው ይኖራል።